ተራ የማይጠበቅበት ሰንጠረዥ

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠጠሮቻቸውን ይደረድራሉ። 64 ቤት፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር፤ እስከዚህ ድረስ የምናውቀው ቼዝ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ማን ይጀምር?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁለቱም እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ባንቀሳቀሰበት ጊዜ ውስጥ ሌላው ሰባት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ አቤቱታ አይሰማም። አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነገሩ እንዲህ ይቀጥላል። የመጀመሪያዋ ጠጠር የተበላች ጊዜ ሕጉ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ለአንድ፣ ተራ በተራ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ነው። ያ ተራ የሌለበት መክፈቻው ደግሞ ወረራ ይባላል። የቼዝ ዘመዶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ የፋርሱ፣ የቻይናው፣ የጃፓኑ፣ የታይላንዱ፣ የበርማው አለ። የቻልኩትን ያህል አገላብጬ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ አጀማመር ያለው ሌላ ነባር ጨዋታ ግን አላገኘሁም።

እኔ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነኝ። ዳማ በቆርኪ፣ ገበታ፣ ካርታ፣ ከረምቡላ፣ ጆተኒ፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚፋለምበት ነገር ሁሉ አቁሞ ያስቀረኛል። ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው ግን ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሣ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው የቁጥር ዝርዝር የተሞላ ወረቀት እንጂ ነገሥታትና መሳፍንት ያመሹበት ጨዋታ አይደለም። ይህ ይቆጨኛል። ለዚህም ነው ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስተዋውቃችሁ የተነሣሁት።

ሰሌዳው ጨርቅ ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስመር ወደ ታችና ወደ ጎን ይዘረጋበታል። ጥቁርና ነጭ ቤት የለም፤ 64ቱም አንድ ቀለም ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ድንኳን ነቅሎ ከአገር አገር በሚዞርበት ዘመን፣ ተጠቅልሎ የሚያዝ ሰሌዳ ምን ያህል እንደሚመች መገመት አያስቸግርም። ባለጸጋው ጠጠሮቹን ከዝሆን ጥርስ ያስቀርጻል።

አደራደሩ እንዲህ ነው። ንጉሡ ከራሱ ተጫዋች አንጻር ከመሃል በስተቀኝ ይቆማል፤ በግራው ፈርዝ ይሰለፋል። ሁለቱም ተጫዋቾች እንዲህ ስለሚያደርጉ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር አይፋጠጥም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ ፊት ለፊት የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው። ከሁለቱ ግራና ቀኝ ፊል፣ ከፊል ቀጥሎ ፈረስ፣ ጥግ ላይ ደር። ከእነዚህ ፊት ስምንት መደቅ ተሰልፎ ይቆማል።

ደር ልክ እንደ ዛሬው የቼዝ ግንብ ነው፤ መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ፈረስም የምናውቀው ፈረስ ነው። ንጉሡ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይራመዳል። የሚገርመው ፈርዝ ነው። ዛሬ በቼዝ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ንግሥት በምትቆምበት ቦታ የቆመው ይህ ጠጠር የሚሄደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። የሚጠብቀው ቅርቡን ነው፤ ከንጉሡ አጠገብ የማይርቅ አማካሪ ሆኖ ይውላል።

ፊልን ደግሞ ለብቻው ላውራበት፤ እኔ አብዝቼ የምወደው ጠጠር ነውና። ፊል በሰያፍ ይዘላል፤ ሁልጊዜም ሁለተኛው ቤት ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ቤት ብቻ ልሂድ ቢል አይችልም፤ ሦስት ልሂድ ቢልም አይችልም። በመካከል ያለው ጠጠር የራሱም ሆነ የባላጋራው አያግደውም፤ በላዩ ያልፋል። ይህ አካሄድ የሚያስከትለው ነገር በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ሲያዩት ይደንቃል። አንድ ፊል ዕድሜ ልኩን ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ አራት ፊሎች አሉ፤ የአራቱም ስምንት ስምንት ቤቶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ፊል ፊልን ሊበላ ከቶ አይችልም፤ በአንድ ጦር ሜዳ ውለው የማይገናኙ አራት ጦረኞች ናቸው። 32 ቤቶች ደግሞ ምንም ፊል የማይደርስባቸው ናቸው።

ሰሌዳው አንድ ቀለም ስለሆነ ይህን ሁሉ ዐይን ነው የሚሸከመው። የባላጋራዬ ሁለት ፊሎች የሚደርሱባቸውን 16 ቤቶች በልቤ ይዤ ንጉሤን ከእነሱ ውጭ ማስቀመጥ እችላለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ የማይቻል ይመስላል። በኋላ ግን ዐይን ይለምዳል፤ ጨርቁን ስታዩ የፊሎቹ ቤቶች ራሳቸውን ችለው ብቅ ይላሉ። ቼዝን ከልጅነቴ ጀምሮ ብጫወትም እንዲህ ያለ ዐይን የሰጠኝ ሰንጠረዥ ነው።

መደቅ ወደ ፊት አንድ ቤት ይራመዳል፤ የመጀመሪያውም እርምጃው አንድ ብቻ ነው። ሲበላ በሰያፍ ይበላል። ወደ ኋላ አይመለስም።

እዚህ ላይ አንድ ሰፊ ጥያቄ ይነሣል። ይህ የጠጠር አካሄድ ኢትዮጵያ የፈጠረችው አይደለም። ከፋርስና ከዓረብ ምድር የመጣው አሮጌው ጨዋታ ነው፤ በዚያ ዘመን ከባግዳድ እስከ ስፔን ድረስ ሰው ሁሉ በዚሁ ሕግ ይጫወት ነበር። ጨዋታው ጥልቅ ነው፤ አንድ ከባድ ችግር ግን አለበት። ይዘገያል። ፈርዙ አንድ ቤት እየተሳበ፣ መደቁ አንድ ቤት እየተራመደ፣ ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ እርምጃ ይባክናል። እያንዳንዷ እርምጃ ደግሞ ተራ ትጠብቃለች። ጨዋታው እስኪሞቅ ድረስ ቡናው ይበርዳል።

ይህን ችግር እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ እኔን ከምንም በላይ የሚመስጠኝም ይህ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት የዓረቡ ዓለም ሊቃውንት አል-ዐድሊና አስ-ሱሊ ስለ ጨዋታው በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ስም የወጣላቸው የአሰላለፍ ዓይነቶች አሉ፤ ተጫዋቹ ከነዚህ አንዱን መርጦ ሠራዊቱን በዚያ መልክ ያዘጋጃል። በርማዎች ሌላ ዘዴ አመጡ፤ ከመደቆቹ በስተቀር ሌሎቹን ጠጠሮች ተጫዋቹ ራሱ ከጅምሩ በፈለገው ቦታ እንዲያሰፍራቸው ፈቀዱ። ታይላንዶች መደቆቹን ከሦስተኛው ረድፍ አስጀመሩ፤ ጠቡ ቅርብ ሆነ። አውሮፓውያን ደግሞ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጠጠሮቹን ራሳቸውን አጎለመሱ። ፈርዝ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጥ ንግሥት ሆነ፤ ፊል በሰያፍ የፈለገውን ያህል የሚጓዝ ጳጳስ ሆነ። ዛሬ ዓለም የሚጫወተው ቼዝ ይኸው የተለወጠው ነው።

የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ከጠጠሮቹ አንዱንም አልነኩም። ያነሡት ተራን ነው። ሠራዊቱ እስኪሰለፍ ድረስ ተራ ምን ያደርጋል? ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሰልፉ፤ መጀመሪያ ደም ሲፈስ ተራ ይያዝ። እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ እንዴት ለሌላው አልታየውም እያልኩ ብዙ ጊዜ እደነቃለሁ።

ወረራ ሌላም ነገር ይፈታል። የዛሬው ቼዝ ትልቁ ሕመም መክፈቻው በቃል መጠናቱ ነው። ታላላቅ ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ አምስትና ሃያ እርምጃዎች ከመጻሕፍትና ከኮምፒውተር አጥንተው ይመጣሉ፤ ሐሳብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ያንገሸገሸው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ የኋላውን ረድፍ በዕጣ የሚደለድል አዲስ ቼዝ አስተዋወቀ፤ ሊወጡ የሚችሉት አሰላለፎች 960 ናቸው። ፊሸር በዕጣ የፈለገውን ነገር ወረራ በተጫዋቾቹ እጅ ያመጣዋል። ባላጋራህ የሚያደርገውን እያየህ፣ እሱም የምታደርገውን እያየ የሚሠራ አሰላለፍ በቃል አይጠናም።

ወረራ በእኛ ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የምጫወተው ከአንድ የቆየ ባልንጀራዬ ጋር ነው፤ ሰሌዳችን ባለቤቴ ሰማያዊ ጥብጣብ የሰፋችበት ቀይ ጨርቅ ነው። የቤታችን ደንብ ሁለት ነው። አንድ እጅ ብቻ ይሠራል፤ እጅ ከጠጠር ላይ ከተነሣ እርምጃው ጸንቷል።

መጀመሪያ ላይ እጆቻችን ይሮጣሉ። የመሃል መደቆች ይወጣሉ፤ ፈረሶች ከኋላቸው ይከተላሉ። ያን ጊዜ ሁለታችንም የምናየው የራሳችንን ጠጠር ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ዐይኔ ከጠጠሮቼ ይነሣና ባልንጀራዬ እጅ ላይ ያርፋል። በግራው በኩል አንድ መደቅ ሁለቴ ገፋ። ለምን? ከኋላው ደሩ አለ፤ መንገድ ሊከፍትለት ነው። እኔ ወዲያው ፈረሴን ወደዚያ አዞራለሁ። እሱ ፈረሴን አይቶ ደሩን ባለበት ይተወዋል፤ ፊሉን በመደቆቹ ላይ አዝልሎ ወደ መሃል ያወጣዋል። አሁን የኔ መደቅ የቆመበት ቤት ፊሉ ከሚደርስባቸው አንዱ ነው። ፈርዜን ከኋላው አስጠጋለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ ግን ስንጨቃጨቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ፈረስ፣ ደር፣ ንጉሥ ሐሳብ ቢቀይሩ ይመለሳሉ። መደቅ ግን ስለማይመለስ በወረራ ጊዜ የተገፋ መደቅ ሁሉ የማይሻር ውሳኔ ነው። ጎበዝ ተጫዋች መደቆቹን ቆጥቦ ሌላውን ያንቀሳቅሳል፤ ባላጋራው መደቆቹን ገፍቶ ሲጨርስ የት የት ክፍተት እንደተወ ያያል።

ከዚያ ዝምታው ይመጣል። መደቆቻችን በሰያፍ ተፋጠዋል፤ የሱን መብላት እችላለሁ፤ የኔን መብላት ይችላል። እጆቻችን ግን ተሰብስበዋል። ምክንያቱም የመጀመሪያዋን ጠጠር የበላ ሰው ወረራውን ይዘጋዋል፤ ቀጣዩ ተራ ደግሞ የባላጋራው ነው። እኔ መደቁን ብበላ በፈረሱ ይበላኛል፤ ፈረሱ ሲነሣ ደግሞ የደሩ መስመር ይከፈታል። ስለዚህ አልበላም፤ አንድ ጠባቂ እጨምራለሁ። እሱም አንድ ይጨምራል። ማንም እንዲያንቀሳቅስ አይገደድም፤ ተራ የለማ! አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ተፋጠን ረጅም ጊዜ እንቆያለን። በቼዝ ጊዜዬ የራሴ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ አስባለሁ። በወረራ ግን እኔ የማስብበት ጊዜ እሱ የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ነው። ሐሳብ ዋጋ አለው፤ ችኮላም ዋጋ አለው። ይህን ሚዛን ሌላ ጨዋታ ላይ አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ድሮዎቹ ተጫዋቾች ልለፍ። እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። የዘመኑን መገጣጠም ልብ በሉ፤ በጣሊያን አገር አዲሱ ሕግ አሮጌውን እያባረረ የነበረው ልክ በዚያው ዘመን ነው። አውሮፓ አሮጌውን ፈርዝና ፊል ሲሰናበት ኢትዮጵያ ይዛቸው ቀረች፤ ቢያንስ አራት መቶ ዓመት ያህል።

ከሁሉ ይበልጥ ሕያው የሆነውን ሥዕል የተወልን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ ገዥ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ፣ ወደ እንጣሎ ሄዶ ነበር። ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ ነበር፤ ሶልትም ቁጭ ብሎ ተመልክቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ወፍራም እንደነበሩ ይናገራል። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በራሱ ጠጠር በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወነጭፈዋል። ፊሉ በሌሎች ላይ እንደሚዘል፣ መደቁም የሰሌዳው ዳር ቢደርስ ሹመት እንደማያገኝ መዝግቧል።

ሶልትን ይበልጥ ያስገረመው ግን ጫጫታው ነው። በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ አገልጋዮቹ ሳይቀሩ፣ ድምፅ አለው። የሚበጀውን እርምጃ ለማሳየት እጁን ሰድዶ ጠጠሩን የሚያነሣም ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ በብልሃት ይደረግ እንደነበረም ሶልት ታዝቧል።

ይህን ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ልጆች ቆርኪ ደርድረው ዳማ የሚጫወቱበት ጥግ ሄዳችሁ ቁሙ። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የሚያስቡት ግን ዐሥር ናቸው። «እሱን ተው! በዚህ ብላው!» የሚል ይጮኻል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ተመልካች ጎንበስ ብሎ ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ ተጫዋቹ ይቆጣል፤ ሁሉም ይስቃል። ከእንጣሎ እስከዚህ ጥግ ድረስ የመጣ አንድ ዓይነት የጨዋታ ባሕል አለ ብዬ አምናለሁ። የዓለም ቼዝ በዝምታና በሰዓት ቆጣሪ የሚሄድ ነው፤ እሱም ውበት አለው። እኔ ግን ጨዋታ የሰፈር ሁሉ ጉዳይ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ።

ከሶልት በኋላ ስለ ጨዋታው በሰፊው የጻፈው ዋልተር ፕላውደን ነው። ይህ ሰው የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ብዙ ዓመት በኢትዮጵያ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1860 እዚሁ አገር ተገደለ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1868 ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በገና ደርዳሪና ቅኔ ዐዋቂ ከመሆናቸው ጋር ሰንጠረዥ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። በአድዋ ዘመቻ ጊዜ መቀሌ ላይ የጠላትን ውኃ ማስያዝ ያሰቡ ሴት ሰሌዳ ላይ ምን ያደርጉ እንደነበር ባይ ደስ ባለኝ።

አሸናፊነት ራሱ በሰንጠረዥ ደረጃ አለው። በቼዝ ማት ማት ነው፤ በምንም ይገኝ በምን ነጥቡ አንድ ነው። በሰንጠረዥ ግን በምን አሸነፍክ ይባላል። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ማት ድል ቢሆንም እምብዛም አያስመሰግንም፤ ጉልበተኛ በጉልበቱ ረታ፣ ምን ይደንቃል? በፈርዝና በፊል የተገኘ ግን ይወደሳል። በመደቅ የተገኘ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። ትንሹ ጠጠር ንጉሡን መውጫ ያሳጣ ቀን ተመልካቹ ይጮኻል።

ተጓዦቹ ከመዘገቧቸው ልማዶች አንዱ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀር እርምጃ ይቆጠራል፤ አሸናፊው በተወሰነ እርምጃ ውስጥ ካልጨረሰ ጨዋታው አቻ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ደንብ ጨዋታውን ከሥር ይለውጠዋል። በቼዝ የባላጋራን ጠጠር አንድ በአንድ መልቀም አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። በሰንጠረዥ ግን ሁሉን የበላ ድሉን በላው። ስለዚህ ጎበዙ ተጫዋች የባላጋራውን አንድ ሁለት ጠጠር ሆን ብሎ ይተዋል፤ እነሱ እያሉ፣ እነሱም እየተዋጉ፣ በፊልና በመደቅ ንጉሡን መክበብ አለበት። የኔ ባልንጀራ በዚህ ተክኗል። ፈረሴን ሊበላው ሲችል ያልፈዋል፤ እኔ ፈረሴ ተርፏል ብዬ ስደሰት መደቆቹ ንጉሤ አጠገብ ደርሰዋል።

ጨዋታው እየደበዘዘ የሄደው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በዚያ መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ሳለ ገና ሊመዘግበው ችሏል። ገበታ የሁሉ ነበር፤ እረኛም መኳንንትም ይጫወተዋል፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮም ይቻላል። ሰንጠረዥ ግን ይበልጡን የግቢና የመኳንንት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን አገሪቱን ወርሮ ያ የመኳንንት ቤት ሲፈርስ፣ ከጦርነቱም በኋላ የአውሮፓው ቼዝ ሲገባ፣ አሮጌው ሰንጠረዥ ወራሽ አጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው ባያወጡት ኖሮ እኔም ዛሬ ጨርቅ ዘርግቼ አልቀመጥም ነበር። ፕሮፌሰሩ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋናዬ አላቸው።

ጨዋታው በመጽሐፍ ውስጥ እንዲቀር ግን አልፈልግም፤ መጫወት ደግሞ ምንም ዝግጅት አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ያለው የቼዝ ዕቃ ይበቃል። ጥቁርና ነጩን ሰሌዳ ትታችሁ ካርቶን ላይ ወይም ጨርቅ ላይ 64 ቤት አስምሩ። ንግሥቷን ፈርዝ በሏት፤ ጳጳሱን ፊል በሉት፤ ግንቡ ደር ነው። ንጉሡን በቀኝ አቁሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ተስማሙ፤ ዳር የደረሰ መደቅ ምን ይሆናል፣ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረለት ንጉሥስ ስንት እርምጃ ይቆጠርለታል? ፊሉን ለመልመድ ጥቂት ጨዋታ ይፈጃል፤ ስምንቱን ቤት በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ብትጀምሩ ይቀላል፤ በኋላ ታጠፉታላችሁ።

አንድ ተመልካች አስቀምጡ፤ የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ «ተበላች!» ብሎ ወረራውን የሚዘጋ። እሱ ካለ ክርክር አይኖርም። ሌሎች መጥተው ከበው ቢጮኹም አትከልክሏቸው፤ ሲሆን ሲሆን ጥሩ ሐሳብ ይወጣል። ቡናውንም ከጨርቁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በወረራ ጊዜ እጅ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ ደግሞ ልጅን ከአዋቂ ጋር አጋጥሙ። ቼዝ የለመደው አዋቂ አንድ መደቅ ገፍቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ የልጁን መልስ ይጠብቃል። ልጁ ደግሞ እሱ እስኪነቃ ድረስ ሁለቱን ፈረሶች፣ አንዱን ደርና የመሃል መደቆቹን አሰልፎ ይጨርሳል።